ቤዝ ስመታ የሚመልስልኝ ማን ነው?

ባንዳችን የሚጫወትበት የጥር ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጊታሬ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሬ፣ ማንኮራፋት ጀመረ። በእርሻ ወቅት በሬው የታመመበት ገበሬ ሆንኩ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ የቤዝ ጊታሬን ክር በነካሁ ቁጥር ከድምፁ ሥር ሻካራ ነገር ይከተላል፤ ደረቅ ቁርበት በአሸዋ ላይ የሚጎትቱ ይመስላል።

መጀመሪያ ጌይን የሚባለውን፣ ከጊታሩ የሚገባውን ድምፅ ጉልበት የሚወስነውን ቁልፍ ዝቅ አደረግሁ። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የሚበራው ቀይ መብራት ጠፋ፤ ሻካራው ድምፅ ግን አልጠፋም። ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ የጊታሩን ጀርባ ፈትቼ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ አወጣሁና ምላሴን አስነካሁት። ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ ኖሯል። የእኔ ጊታር ባትሪ የሚበላ ዓይነት ነው፤ ገመዱ እስከተሰካበት ድረስ ማንም ባይመታውም መብላቱን አያቆምም። እኔ ደግሞ ከመስቀል ወዲህ ገመዱን ነቅዬ አላውቅም። አዲስ ባትሪ ስከትበት ሦስቱ ክሮች እንደ ማለዳ ጣና ረጉ።

የቀረው ከወፍራሙ ቀጥሎ ያለው፣ ኤ የሚባለው ክር ነው። በሰከንድ 55 ጊዜ እየተንቀጠቀጠ መዝፈን ሲገባው ጥርርርር ይላል።

በዚህ መካከል አከራዬ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ አንተ እዚህ ዱም ስታደርግ እዚያ በእኔ ቤት የሚመልስልህ አለ።»

«ይቅርታ እማማ፣ እቀንሳለሁ።»

«መቀነሱን አይደለም የምልህ። አንዲት ድምፅ አለች፤ እሷን ስትነካት ነው የሚነሳው። ዘጌ ተሻግሬ ጸበል ማምጣቴ ነው።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሸኘኋቸውና ወደ ሳይንሴ ተመለስኩ። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ኤን መታሁ። ንጹሕ! እንግዲህ የአምፕሊፋየሩ ሆድ ዕቃ ጤነኛ ነው፤ የተቀደደው ስፒከሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። በገዛ ብልህነቴ እንዲህ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ወደ ጠጋኙ በባጃጅ ሄድን። አምፕሊፋየሩ የኋላውን መቀመጫ ያዘ፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተንጠለጠልኩ፣ የሁለታችንንም ሒሳብ እኔ ከፈልኩ። ጠጋኙ የስፒከሩን ወረቀት በሁለት እጁ ጫን፣ ለቀቅ እያደረገ ጆሮውን አስጠጋ። የሚፋተግ ነገር የለም። ብሎኖቹን አጠበቀና «እስቲ ምታው» አለኝ። መታሁት። ሐኪም ፊት እንደቀረበ የጥርስ ሕመም ጭጭ! «ወንድሜ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም» አለኝ፤ ዕቃው የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጎ።

ቤት ስመልሰው ጥርርርር። ጥፋቱን ወደ ኤሌክትሪኩ አዞርኩና ስታብላይዘር ተበደርኩ። ስታብላይዘሩ ጥርርርሩን አረጋጋው፤ አሁን ሳይቆራረጥ ጥርርርር ይላል።

አንድ ማታ ግን አምፕሊፋየሩን አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው አራቅሁና ኤን ብመታ... ምንም። ደግሜ መታሁ። ምንም! ከበሮ መቺያችንን ጠርቼ ስለ አምፕሊፋየር አቀማመጥ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩት። ከግድግዳው ማዶ አከራዬ እልል አሉ። ለእኔ መስሎኝ ነበር።

ሰላሙ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ጥርርርር ተመለሰ፤ አከራዬም እንደገና አንኳኩ። «ጸበሉ አለቀ፤ ያም ነገር ተመለሰ። ግባና በዓይንህ እይ።»

ገባሁ። ግድግዳ የምንለው እንግዲህ ኮምፔንሳቶ ነው። በእሳቸው በኩል አንድ ትልቅ ቡፌ ተለጥፎበታል፤ ተንሸራታች መስታወት ያለው፣ ሲኒ በሲኒ ላይ የተደረደረበት። መሬት ላይ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ባዶውን ተቀምጧል።

«እማማ፣ ይህ ጀሪካን የት ነበር?»

«ቡፌው ላይ ነዋ! የሚነሳው ከዚያ አይደል? ዛሬ ጠዋት ባዶ ሲሆን ነው ያወረድኩት።»

ክፍሌ ውስጥ ጊታሬን ይዞ የቀረውን ከበሮ መቺ «ኤን ምታ!» ብዬ ጮህኩበት። መታ። የቡፌው መስታወት ጥርርርር አለ። መዳፌን ጫንኩበት፤ ዝም። አነሳሁ፤ ጥርርርር። በጆሮ ማዳመጫ ሲሆን ስፒከሩ አይሠራም፣ ስለዚህ ቡፌውን የሚነቀንቀው የለም። ጠጋኙ ዘንድ ደግሞ ቡፌ የለም። አከራዬ በመጀመሪያው ቀን፣ በሬ ላይ ቆመው፣ ስሙን ብቻ ሳይጠሩት ሁሉንም ነግረውኝ ነበር።

እሳቸው ግን በመደነቅ እጄን ነው የሚያዩት። «ምን ብለህ ነው የገዘትከው ልጄ?»

ስለ ንዝረት የቻልኩትን ያህል አስረዳሁ። «መስታወቱ ሥር ትንሽ ካርቶን ብንሸጉጥ ይበቃል» ብዬ ጨረስኩ።

«ጸበል ያቆመውን በካርቶን?» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የዘጌን ጀልባ የምሳፈረው እኔ ነኝ። ጀሪካኑ እስከ አፉ ካልተሞላ ደግሞ አልመለስም።