የኛ ቡቺ ከበር ሲወጣ

የምንኖረው ኮተቤ ነው፣ ከየካ ተራራ ግርጌ። ሌሊት ጅብ ሲጮህ እንሰማለን። ስለዚህ በሰፈራችን ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። እኛም ቡቺን ከቡችላነቱ አሳድገን ይኸው 6 ዓመት ሞላው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ተናፍሶ እንዲመለስ በሩን ገርበብ እናደርግለት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በራችን ላይ ባለቤቴ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ ጽፏል። ይህን ከጻፍን የሚጠበቅብንን ያደረግን ይመስለን ነበር።

በጥቅምት አንድ ማለዳ የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ ሲሮጥ ቡቺ ባቱን ነከሰው። ልጁ ገና 8 ዓመቱ ነው። እናቱ በባዶ እግሯ ወጣች። ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዱ ጠበል ውሰዱት አለ። ሌላው የባህል መድኃኒት የሚሰጡ ሰው አውቃለሁ አለ። ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ጎረቤት አሉን፤ እሳቸው ማንንም ሳይሰሙ «ሳሙና አምጡ፣ ቧንቧውን ክፈቱ» አሉ። ሰዓት እያዩ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ አጠቡት። እግሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በእጥበትና በክትባት ይከላከሉታል። ጠበሉም ጸሎቱም ይሁን፤ ግን ከመርፌው በኋላ ይሁን፣ እባካችሁ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» የሚል ነበር። መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በፊት አስከትበነው ነበር፤ በየዓመቱ መደገም እንዳለበትም አውቅ ነበር። ካርዱ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። የልጁ እናት አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እናቴ በልጅነቷ ውሻ ነክሷት የእብድ ውሻ መርፌ ይሰጥበት ወደነበረው ፓስተር ወደሚባለው ተቋም ተመላልሳለች። በየቀኑ ሆዷ ላይ ይወጓት እንደነበር ስትነግረን ነው ያደግነው። አሁን መርፌው ክንድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንዱንም ቀን አላሳለፍንም፤ እኔ ራሴ እየወሰድኩት።

ወደ ቤት ስመለስ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ቡቺን ሊገድሉት ቆመዋል። የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ «እንዳይገድሉት! እሰሩትና 10 ቀን ተከታተሉት» አለን። በሚነክስበት ሰዓት በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። ጤነኛ ሆኖ 10ኛውን ቀን ካለፈ ለልጁ አላስተላለፈም ማለት ነው። ገድለን ብንጥለው ኖሮ ይህን የምናውቅበት መንገድ አይኖርም ነበር። የልጁ መርፌ ግን ይህን ሳይጠብቅ ነው የተጀመረው።

እነዚያን 10 ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እግዜር ያውቃል። በየማለዳው ውሃ ጠጣ? ድምፁ ተቀየረ? ለሃጩ ይዝረበረባል? እያልኩ ከርቀት አየዋለሁ። በ11ኛው ቀን ቡቺ ጅራቱን እየቆላ ሲቀበለኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ነው። በሩ ላይ ጽፈናል እኮ ስለው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2071 አነበበልኝ። ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል። ሳላስበው አመለጠኝ ማለት አያድንም፤ ይህን ያደርጋል ብዬ አልገመትኩም ማለትም አያድንም። እኛ ደግሞ አላመለጠንም። በገዛ እጃችን ነው የከፈትንለት። ለሕክምናው የወጣውን ሁሉ ከፈልን። እናቱ ግን «እህቴ፣ የብሩ ነገር አይደለም። ልጄ አሁን ብቻውን ደጅ አይወጣም» አለችኝ።

ስለዚህ ነገሩን ዕድራችን ላይ አነሳሁት። አንድ አባት «ታዲያ ከጅቡ ማን ሊጠብቀን ነው?» አሉ። ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ ይጠብቀናል፤ ደጅ የሚዞር ውሻ የሚጠብቀው ማንን ነው? ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ የክትባት ካርድ እንዲያሳይ፣ ውሻ ያለ ማሰሪያ ከበር እንዳይወጣ፣ ከነከሰም ባለቤቱ ሕክምናውን እንዲችል ተስማማን።

ያልተስማማንበት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ጉዳይ ነው። መርዝ ይረጭላቸው ያሉ አሉ። ልጅ እያለሁ ተመርዘው መንገድ ላይ የሚንፈራገጡ ውሾች አይቻለሁ፤ ያንን ልጆቼ እንዲያዩ አልፈልግም። ደግሞም መፍትሔ አይሆንም። ከ100 ውሾች 70ዎቹ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። ስንገድል የተከተበውም አብሮ ይሞታል፣ ቦታውን ያልተከተበ ይይዘዋል። ሥጋ ቤቱ ጥግ የሚጣለው አጥንት እስካለ ድረስ ውሻ አይጠፋም። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ይዤ እቀርባለሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከልጁ ጋር እስከ ዳቦ ቤቱ አብሬው እሄዳለሁ። በራችን ጋ ስንደርስ እጄን ጠበቅ ያደርጋል።