ፕራይመሩ አልደርቅ ያለው የባቡር ሞዴል

የምሠራበት ወርክሾፕ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ዋንጫ፣ የበር ላይ ጽሑፍ፣ የሕንፃ ሞዴል እንሠራለን። የድሬ ሰው ሞዴል ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ ባቡር ነው የሚፈልገው። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው።

ያን ሰሞን የታዘዝነው የእንፋሎት ባቡር ነበር፣ በ1 ለ50 ልኬት። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ ላይ 20 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚህ መጠን የመንኮራኩሩ ዘንጎች መርፌ ያክላሉ፤ በእጅ መቁረጥ አይታሰብም። ስለዚህ ረቂቆቹን ክፍሎች በሬዚን ፕሪንተር፣ ማለትም ሬዚን የሚባል ፈሳሽ በብርሃን እያጠነከረ ዕቃ በሚሠራ ማሽን፣ አሳተምናቸው። ካቢኑንና ሠረገላውን እዚሁ ከፕላስቲክ ሉህ ቆርጠን ሠራን።

ቀቢያችን እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ከዋናው ቀለም በፊት የሚነፋውን ግራጫ ፕራይመር ስስ አድርጎ ነፋና አሳደረው። ጠዋት ስገባ፣ "አቦ፣ ይሄ ነገር አልደርቅ አለኝ!" ብሎ ተቀበለኝ። ነካ ሳደርገው ጓንቴን ይዞ ቀረ።

ምክሩ ከየአቅጣጫው መጣ። ጎረቤታችን የመኪና ቀለም የሚቀቡት አባት "ልጄ፣ አንድ እጅ ድገመው፣ ያጠነክረዋል" አሉ። ሌላው ስፕሬዩ ጊዜው አልፎበታል አለ። ልጁ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው ወጣ።

አየሩን መጠርጠር አልቻልኩም። የድሬ ሙቀት ፕራይመሩን ገና አየር ላይ እያለ አድርቆ ዱቄት ያደርገዋል እንጂ እርጥብ አያሳድረውም። ስፕሬዩም ንጹሕ ነው፤ በዚያው ጣሳ፣ በዚያው ሰዓት የተነፋው ካቢን ድንጋይ ሆኗል። የሚያጣብቀው ሬዚኑ ብቻ ነው። እሱም ሁሉ ቦታ አይደለም። ጠፍጣፋው ፊት ደርቋል፣ ስርጉዱና የብሎኑ ዙሪያ ግን ሙጫ ነው። ይህን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ስርጉድ ቦታ ማጠቢያው አልኮልም፣ የሚያጠነክረው ብርሃንም በደንብ አይደርስም።

የፕሪንተር ሬዚን እንደ ቀለም አይደርቅም። ፈሳሹ የሚጠነክረው በብርሃን ነው፤ አብዛኞቹ ፕሪንተሮች የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ይጠቀማሉ። ከታተመ በኋላ የተረፈው ፈሳሽ በአልኮል መታጠብ፣ ከዚያ ዕቃው እንደገና ብርሃን ማግኘት አለበት። እነዚህ ክፍሎች ግን በጥድፊያ ታጥበው ነው የመጡት። ያልጠነከረው ሬዚን ፕራይመሩ ውስጥ እየገባ ያላላዋል። አንዴ ግራጫ ከተነፋበት ደግሞ ቀለሙ ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያኔ ዋጋ የለውም። በላዩ መደረብማ ችግሩን መቅበር ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ገፈፍነው። ጓንት አጥልቀን፣ መስኮት ከፍተን፣ ኢሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈተግነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት እዚህ ላይ ይደክማል፤ ከ90 በላይ የሆነውን ፈልጉ። የቀለም ቲነርን እንዲህ ላለ ስስ ዘንግ አልደፍርም፣ ያለሰልሰዋል። ቀጥለን በንጹሕ አልኮል አለቅልቀን፣ እስኪተን ድረስ ጠበቅን። ይህቺን ጥበቃ መዝለል አይገባም፤ እርጥብ እያለ ብርሃን ካገኘ ገጹ ይበላሻል።

ከዚያ በኋላ ነው ፀሐይዋ የምትጠቅመው። ክፍሎቹን ውሃ የሞላ የመስታወት ሳህን ውስጥ አድርገን እያገላበጥን አሞቅናቸው። ውሃው የራሱ ሥራ አለው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሬዚኑ ገጽ እንዳይጠነክር ያግዳል፣ ውሃው ኦክስጅኑን ይቀንስለታል። ፀሐይ ሲበዛበት ግን ሬዚኑ ቢጫ ይሆንና ይሰባበራል፤ ስለዚህ እያዩ ማውጣት ነው። አዲሱ ፕራይመር ያለ ምንም ችግር ደረቀ።

በሻጋታ የተፈሰሰ ሬዚን ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ከሻጋታው እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ነው፤ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይለቃል።

አሁን የታተመ ዕቃ ሲመጣ ልጁ ከስፕሬዩ በፊት የጆሮ ጥጥ አንስቶ ስርጉዱን ሁሉ ይጠርጋል። ጥጡ ካጣበቀ ወይም ካብለጨለጨ ዕቃው ወደ እጥበት ይመለሳል። ያገለገለውን አልኮል ደግሞ ደቻቱ ወንዝ አንደፋውም። ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ፣ ከእሳት አርቀን ፀሐይ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሬዚኑ ጠንክሮ ሲዘቅጥ እናጣራውና ለመጀመሪያው እጥበት እንጠቀምበታለን።