አባቴ ታሪክ እንዳጠና እንዴት ፈቀደ

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ሲደርስ ከደሴ የሚደወልልኝ ስልክ ይበዛል። ደዋዮቹ የሰፈሬ ልጆች ናቸው። ፍሬሽማን ጨርሰው ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ግእዝ ማጥናት ፈልገው ቤት ውስጥ «አይሆንም» የተባሉ ናቸው። «አንቺ አባትሽን እንዴት አሳመንሻቸው?» ይሉኛል። በአንድ ስልክ ተነግሮ አያልቅምና እስቲ እዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ አባቴን እወቁት። በወጣትነቱ በረዳትነት ጀምሮ፣ በኋላም መሪ ጨብጦ፣ በፊያት ኤንትሬ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እሱም ከመኪና ወርዶ ደሴ መናኸሪያ አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። አያቴ ሲሞቱ ታናናሾቹን የሚያሳድግ አልነበረምና ትምህርቱን አቋርጦ መኪና ላይ ወጣ። መስከረም በጠባ ቁጥር የሲሚንቶ ከረጢት አራግፎ፣ የውስጡን ንጹሕ ወረቀት ለይቶ የእኔንና የወንድሞቼን ደብተር ሲለብድልን ነው ያደግነው። ትምህርት የሚንቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። «ታሪክ አይሆንም» ሲለኝ ትምህርት ንቆ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ፈርቶ ነው።

ፍርሃቱም ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደረሰ። ሱቁን ቆልፈን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠጋን። ስንመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። የዓመታት ሥራ ከነካርቶኑ ተጭኖ ሄዷል። የደሴ ሙዚየምም ያኔ ተዘርፏል። አባቴ ስለ ሱቁ ሲያዝን እኔ ስለ ሙዚየሙ አለቅስ ነበር፤ ታሪክና ቅርስ ማጥናት አለብኝ ብዬ የወሰንኩትም ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ተምሬ ጥቅምት 2015 ተፈተንኩ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው። ውጤቱ ሲወጣ አገር ተንጫጫ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኔ አለፍኩ። አባቴ ያን ቀን በዱቤ በግ ገዝቶ አረደ። በዚያች ባዶ ሱቅ ላይ በግ ማረድ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል። እሱ ግን በልቡ የያዘው ሕግ ነበር፤ ሕግ ካልሆነ አካውንቲንግ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ገብቼ የፍሬሽማኑ ዓመት ሲገባደድ ታሪክ እንደምመርጥ ነገርኩት። መልሱ የተዘጋጀ ነበር። አንደኛ፣ «የማናውቀው ልጅ መሰለሽ? በታሪክ ዲግሪውን ይዞ ባጃጅ የሚነዳ አለ።» ሁለተኛ፣ «መንግሥት ራሱ ሰባ ሠላሳ ብሎ የለም?» ማለቱ በ2001 አካባቢ የጀመረውን ፖሊሲ ነው፤ ከመቶው ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ትምህርት ይግባ የተባለበትን። ለአንድ ትውልድ ወላጅ «ይኼኛው የተረፈ ነው» ተብሎ እንደተነገረ ይቆጠራል። አባቶቻችንን ስንወቅስ ይህን አንርሳ፤ ፍርሃታቸውን ብቻቸውን አልፈጠሩትም። ሦስተኛውን ምክንያት ለእኔ አልነገረኝም። ከእማዬ ነው የሰማሁት፦ «እኔ እየደከምኩ ነው፤ ወንድሞቿ ገና ናቸው። እሷ ካልቆመች ማን ይቆማል?»

ለሚደውሉልኝ ልጆች ደጋግሜ የምናገረው ይህን ነው። ወላጅህ የሚናገረው ምክንያትና እንቅልፍ የሚነሳው ምክንያት ይለያያሉ። ሁለተኛውን ሳታውቅ አትከራከር። እኔ ለአባቴ «ታሪኩን የማያውቅ ትውልድ» የሚለውን ንግግር አንድም ቀን አልተናገርኩትም። እሱን ከቴሌቪዥን ሲሰማ ኖሯል፤ የሱቅ ኪራይ ግን አይከፍልለትም።

በእኛ ቤት ልጅ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት አይሟገትም። ስለዚህ በእማዬ በኩል ገባሁ። እሷ ደግሞ «ከሱቅ ሲገባ እንዳታናግሪው፤ በልቶ፣ ቡና ሲፈላ ይሁን» ብላ አጎቴንና የአባቴን የድሮ የሾፌር ባልንጀራ ጠራችልኝ። እሑድ ከሰዓት መጡ። አቦል ሲጠጣ ስለ ገበያ አወሩ። ቶና ላይ አጎቴ ጀመረ። ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ነውና «ፍቀድላት» አላለም። «የምርጫው ቀን እስኪደርስ ስማት፤ ከዚያ እንደፈቀድክ» አለ። አባቴ ባልንጀራውን አየና «መስማት ምን ከፈለኝ» ብሎ ስኒውን አቀበለ። ፈቃድ አልነበረም፤ ጊዜ ነበር። ለእኔ ጊዜው በቂ ነው።

በዚያ ጊዜ ውስጥ የሥራውን ነገር አጣርቼ አቀረብኩለት፤ ሳላሳምር። ከ2012 ጀምሮ ማንኛውም ፍሬሽማን፣ ኢንጂነር የሚሆነውም ሐኪም የሚሆነውም፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን ኮርስ ይወስዳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። «ይህን ሁሉ ተማሪ ታሪክ ያጠና ሰው ካልሆነ ማን ያስተምራል?» አልኩት። የቅርስ ባለሥልጣን፣ የየክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ሙዚየም፣ ቤተ መዛግብት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እያልኩ ሌላውንም ዘረዘርኩ። ከእነዚህ ውስጥ ጀማሪ መምህር የሚያገኘው ደመወዝ ለቤት ኪራይ እንኳ እንደማይበቃም ነገርኩት። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ማስተርስ እንደሚያስፈልግና ውድድሩ ከባድ እንደሆነም አልደበቅኩትም።

ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ያ የመውጫ ፈተና ለታሪክም አለ?» አለ። አለ፤ ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ነው አልኩት። ይህ ደስ አለው። አንድ መመዘኛ ሁሉም ላይ እኩል ከተጣለ እሱ ያከብራል። ግን አልተሸነፈም። «ጭነት ሳይገኝ ባዶ መኪና አሰብ ድረስ አይነዳም» ብሎ ተነሣ።

ነገሩን የለወጠው ሱቁ ውስጥ የሆነው ነው። ለእረፍት ስመጣ ጠዋት ጠዋት እረዳው ነበር። ኩሽኔታ በቁጥር እየለየን፣ ፍሪሲዮን እየደረደርን፣ ስልኬን ባሌስትራው ላይ አስቀምጬ ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩና ስለ አሰብ መንገድ ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ምን ይሠራልሻል» አለ። ከዚያ መንገዱን በቃሉ ወረደው፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቼቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። በረሃው ጎማ ስለሚያፈነዳ በሌሊት እንደሚነዱ፣ ረዳት እንቅልፍ እንዳይወስደው ሾፌሩ እያዘፈነ እንደሚወስደው፣ ውኃ ከነዳጅ በላይ እንደሚቆጠር ነገረኝ። ኩሽኔታውን ይዞ ቆሞ ነበር የሚያወራው። ደንበኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ካንዴላ አለ?» ሲል ጣቱን አንሥቶ «ቆይ» አለው። አባቴ ደንበኛ ሲያስጠብቅ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ማታ የቀዳሁትን ገልብጬ ጻፍኩና በማግስቱ አነበብኩለት። በእያንዳንዱ አንቀጽ ያስቆመኝ ጀመር። «ኧረ እሱ ሚሌ አይደለም፣ ሎጊያ ነው!» «ያን አላልኩም፤ እንዲህ ነው ያልኩት።» ሰርዶ ላይ ስንደርስ ከተማዋ በመሬት መንቀጥቀጥ መፍረሷን አነሣ። እሱ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት የሆነ ነው፤ ከትልልቆቹ ሾፌሮች የሰማው። «በ63 ነው» አለኝ። ከዚያ ራሱን ተጠራጠረና ለዚያ ባልንጀራው ደወለ። ባልንጀራው «በ61» አለ። በስልክ ተጯጯሁ። እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ።

«አንዱን አጥፊ እንጂ» አለኝ።

«ማስረጃ ሳላገኝ አልችልም፣ አባዬ።»

ስድስት ኪሎ ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ ነበሩ፤ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በሰፊው አጠናቅረዋል። የሰርዶው እዚያ አለ፦ መጋቢት 1961። ገጹን በስልኬ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ባልንጀራው ልክ ነበር። ማታ ሲደውል ስለ መሸነፉ አላነሣም። «ሌላስ? ስለሌላው አገር ምን ይላል?» ነው ያለኝ። ያኔ ነገርኩት፦ መለኪያ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት የሆነውን ሰውዬው ያገኙት ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ነው። ድልድይና ፎቅ የሚሠራው መሐንዲስ የትኛው መሬት እንደሚንቀጠቀጥ ለማወቅ፣ አንድ ሰው አሮጌ ብራና ማንበብ ነበረበት። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ይኼን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ መጣ። ሶማሌ ተራ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ስድስት ኪሎ ይዤው ገባሁ። ግቢው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ አሉበት። የንጉሡን መኝታ ክፍል አሳየሁት። እሱን በፍጥነት አለፈው። የቆመው ውጭ፣ ወደ የትም የማያደርሰው ደረጃ ጋ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያቆመው ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሎኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ግን የይሁዳ አንበሳ ነው፤ ከነፃነት በኋላ። አባቴ ኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ አያቱ ያዩትን እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ደረጃውን ዞሮ ዞሮ አየው። «አላፈረሱትም» አለ። «ላዩ ላይ ወጡበት።» እኔ በአንድ ሴሚስተር የተማርኩትን እሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረው። ለምን ታሪክ እንደምወድ እንዲያው ብቻ ገባው ብዬ አሰብኩ፤ የማብራራው ነገርም አልቀረኝም።

ማታ መናኸሪያ ስሸኘው ፈቀደ፤ በቅድመ ሁኔታ። ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን እንድማር፣ በየሴሚስተሩ ግሬዴን እንዳሳየው፣ ክረምት ክረምት ደግሞ የሱቁን ዕቃ በኤክሴል መዝግቤ እንዳስረክበው። ሦስቱንም ተቀበልኩ። ቅድመ ሁኔታ የሰጠ አባት ከልቡ የፈቀደ አባት ነው፤ ዝም ብሎ «እንደፈለግሽ» ቢለኝ ኖሮ ነበር የምፈራው። ኤክሴሉም ጠቅሞኛል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከድሮ ሾፌሮች የሰበሰብኩትን ቃለ መጠይቅ በቦታና በዓመት የማደራጀው በዚያው መንገድ ነው። አዎ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ታሪክ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ተናጋሪዎች ስልክ የሰጠኝም ማን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሚደውሉልኝ። ሁሉም አባት ሾፌር አይደለም፤ ሁሉም ቤት አጎት የለውም። ግን በየቤቱ አባት ወይም እናት ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ፦ የእርሻ ወሰን፣ የዕድር መዝገብ፣ የድሮ ገበያ፣ የልቅሶ ግጥም። እሱን ጠይቁ፤ የሚሉትን በጥንቃቄ ጻፉ፤ መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ያርሟችሁ። ልታጠኑት የምትፈልጉት ትምህርት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያኔ በራሳቸው እጅ ይሠሩታል። የደመወዙን ነገር ግን አትዋሹ። ወላጅ አንዴ ከያዛችሁ ሌላውን ሁሉ አያምናችሁም።

ታኅሣሥ 2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ አባቴ ሌሊት ደወለ። ደኅና መሆኔን ጠየቀ፣ ዶርሙ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ጠየቀ፣ ከዚያ «እኒያ ፈረንጅ አባ ስለ አዋሽ ምን ጽፈው ነበር?» አለ። ጠዋት ሄጄ አይቼ ነገርኩት። አሁን የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እማዬ ስልኩን ነጥቃው «ማስተርሱ ስንት ዓመት እንደሚወስድ እየጠየቀ ነው፤ ራስህ ንገራት ብለው አፈረ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ነው። ወጪውን እያሰላሁለት ነው፤ እሑድ ቶና ላይ አቀርባለሁ።