ያለ ኦክስጅን ባክቴሪያ ስታሳድጉ መጀመሪያ ክዳኑን እዩ

ይሄን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ያለ ኦክስጅን የሚኖር ባክቴሪያ ለማሳደግ የምትነሱ ካላችሁ፣ እኔ ያጠፋሁትን ጊዜ እናንተ አታጥፉ።

ያሳደግኩት ክሎስትሪዲየም የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ሚዲየሙን፣ ማለትም ባክቴሪያው የሚያድግበትን የምግብ ፈሳሽ፣ አፈላሁት፤ ሲፈላ የሟሟው ኦክስጅን ይወጣል። ናይትሮጅን እየነፋሁበት አቀዘቀዝኩት። የተረፈውን ኦክስጅን እንዲያጠፋ ሲስቴይን ጨመርኩ። በጠርሙስ ቀድቼ ከደንኩና በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ አደረግኩት፤ ማለትም ግፊት ባለው እንፋሎት ሌላ ተሕዋስ እንዳይተርፍበት አደረግኩት። እስከዚህ መመሪያው የሚለው ሁሉ ልክ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚዲየሙ ውስጥ ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም ይገባል። መጀመሪያ ሰማያዊ ነው፤ ቀጥሎ ሮዝ ይሆናል፤ ኦክስጅኑ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ቀለሙ ይጠፋል። ጠርሙሶቼ ከአውቶክሌቭ ሲወጡ ጥርት ያሉ ነበሩ። ሲያድሩ ግን ከላይ፣ ልክ ከአየሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ቀጭን ሮዝ መስመር ይታያል። ቀን በገፋ ቁጥር መስመሩ እየወፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ዘሩን፣ ማለትም የሚባዛውን ባክቴሪያ፣ ስጨምርበት ምንም አይበቅልም።

የላብራቶሪው መመሪያ «ሮዝ ከሆነ ሲስቴይን ጨምሩ» ይላል። ጨመርኩ። ጠፋ። ተመልሶ መጣ። ኃላፊው «ዘሩ ሞቷል፣ ሌላ ይታዘዝ» አሉ። ሌላ ታዘዘ፣ እሱም አልበቀለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። መስመሩ ለምን ሁልጊዜ ከላይ ይጀምራል ብሎ የጠየቀ የለም። ሚዲየሙ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ነበር የሚቀላው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እንኳ በ1861 እ.ኤ.አ. ያየው ይሄንኑ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር በጠብታው ጠርዝ፣ አየር የሚነካቸው ባክቴሪያዎች ቀጥ ብለው ቆመው፣ መሀል ያሉት ግን ይዋኙ ነበር።

ለካ ክዳኑ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ውሃ አያፈስም፤ ኦክስጅን ግን ዘልቆት ይገባል። ከጋዝ ሲሊንደሩ የሚመጣው ቱቦም ሲሊኮን ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ናይትሮጅን ገዝተን መንገድ ላይ ኦክስጅን እየቀላቀልንበት ነበር ማለት ነው! ክዳኑን በወፍራም ቢውታይል ጎማ፣ ቱቦውን በብረት ቀየርኩ። ሮዙ መስመር በዚያው ቀረ።

ያቺ ጥቂት ኦክስጅን ይሄን ያህል ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። ክሎስትሪዲየም ኃይል የሚያገኘው ስኳር በማብላላት (ፈርመንቴሽን) ነው። ስኳሩ ተሰብሮ ፓይሩቬት የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ከሆነ በኋላ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ፌሬዶክሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይሄን ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይሞች መሀላቸው ላይ የብረትና የሰልፈር ስብስብ አለ። ኦክስጅን ያን ስብስብ ያፈርሰዋል፤ ኢንዛይሙም ይቆማል። ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ኤሌክትሮናቸውን ለኦክስጅን እየሰጡ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባሉ ሴል የሚጎዱ ነገሮች ይፈጥራሉ። የኃይል ገቢውም ያው ትንሽ ነው። አንድ ግሉኮስ ሲሰበር 2 ኤቲፒ (ሴል ኃይል የሚይዝበት ሞለኪውል) ይገኛል፤ አሴቴትና ቢውታይሬት የሚባሉትን አሲዶች ሲሠራ ትንሽ ይጨመርበታል። በኦክስጅን የሚተነፍስ ሴል እስከ 30 አካባቢ ያገኛል።

«ዘሩ ሞቷል» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ አልቀበልም። የክሎስትሪዲየም ስፖር፣ ማለትም ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ የተኛ ቅርጹ፣ አየር አይገድለውም። ያንኑ «ሞተ» የተባለውን የመጀመሪያ ዘር አውጥቼ፣ ስፖሩ እንዲነቃ በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቄ፣ በአዲሱ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። በማግስቱ ደፍርሶ አገኘሁት። መርፌ ስወጋበት ሃይድሮጅኑና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሲሪንጁን መግፊያ ራሱ ወደ ላይ ገፋው። የቢውታይሪክ አሲዱ ሽታ እንደ ሻገተ ቅቤ ክፍሉን ሞላው። በዚያ ሽታ የተደሰትኩትን ያህል በላብራቶሪ ሕይወቴ በምንም አልተደሰትኩም።

ስለዚህ ምክሬ ከመመሪያው ይለያል። ሮዝ ካያችሁ ሲስቴይን አትጨምሩ፤ ቀዳዳውን ፈልጉ። ሲስቴይን ሲበዛ ራሱ ባክቴሪያውን ይጎዳል። ፕላስቲክ ሳህን የምትጠቀሙም ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ኦክስጅን ስለሚኖር አየር አልባው ሳጥን ውስጥ ቀድማችሁ አሳድሩት።

የግራም ቀለም (ባክቴሪያን በግድግዳው ዓይነት የሚለይ ማቅለሚያ) ስትቀቡ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ካለው ቅዱ። የክሎስትሪዲየም ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ወይን ጠጁን ቀለም ይይዛል፤ ሴሉ ሲያረጅ ግን ይለቀውና ሮዝ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ አንዱ መጥቶ «ሌላ ባክቴሪያ ገብቶበታል፣ ጣሉት» ቢላችሁ እንዳትጥሉት።