ትልልቁን ዛፍ ስቆጥር ያላየሁት

ከጊንጪ በስተሰሜን ባለው የጭልሞ ደን በባለሙያነት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ቆጠራ ነበር። የደን ተጠቃሚ ቡድኖቹ፣ ማለትም ደኑን እየጠበቁ የሚጠቀሙበት የአካባቢው ገበሬዎች፣ የአስተዳደር ዕቅዳቸውን የሚከልሱበት ጊዜ ነው። ሃያ በሃያ ሜትር ቦታ በገመድ እንከልላለን። ከዚያ የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት በደረት ከፍታ ላይ ለክተን እንመዘግባለን። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው ግርማው ሌላ ነው። ቁጥሩ ሲደመር ደስ አለኝ። «ደኑ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ገመድ ይይዙልኝ የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጆቹስ የታሉ?» አሉኝ። አልገባኝም። ቁጭ ብለው ሣሩን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከጣቴ የማትበልጥ ወፍ ዘራሽ ወይራ ነበረች። ጫፏ ተነክሷል። ከሥር እንደገና አቆጥቁጣለች፣ እሱም ተነክሷል። «ይቺ የዘንድሮ እንዳትመስልህ፣ ከብቱ ነው ያላሳደጋት» አሉኝ።

ቆጠራውን እንደገና ጀመርን። በየቦታው ውስጥ ሁለት በሁለት ሜትር እየለየን በጉልበታችን ተንበርክከን ቡቃያ ቆጠርን። አድካሚ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ግን እውነቱ የወጣው እዚያ ነው። ሽማግሌ ዛፍ ሞልቷል፣ ተተኪ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጭልሞ ደግሞ አዋሽ ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ እዚህ የሚጎድል ዛፍ ታች ድረስ ይሰማል።

ስለዚህ አንዱን ክፍል ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ እናድርግ ተባለ። መስመሩን ካርታ ላይ እኔ አሰመርኩ፣ ስብሰባ ላይ ቀረበ፣ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ወር ሳይሞላ በየቀኑ ይጣስ ጀመር። ጥበቃ ይጨመር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደግነቱ አልጻፍኩም። የዘጋሁት ሴቶቹ ደረቅ እንጨት ለቅመው የሚመለሱበትን መንገድ ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ ደግሞ የነበሩት ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ደኑን በየቀኑ የሚረግጠውን ሰው ሳልጠይቅ ነው ደንብ ያወጣሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ድንበሩን ከሴቶቹ ጋር በእግራችን ዞርነው። ሁለት ቀን ፈጀብን። መንገዱ ክፍት ሆነ፣ መስመሩ ወደ ላይ ተገፋ፣ ደረቅ እንጨት የሚለቀምበት ቀን መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ገባ። ግጦሹም በፈረቃ ሆነ።

የቡድን አባላት ብዛት ላይም ብዙ ተከራከርን። ሌላው የኦሮሚያ ደን፣ አዳባ ዶዶላ ላይ፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ታስቦ አንድ ቡድን ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ቁጥሩ ለሁሉም ደን አይሆንም፤ አስተሳሰቡ ግን ትክክል ነው። ደኑ ስንት ሰው ይችላል የሚለው ይቀድማል።

ሕጉም አግዟል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግል ደንን ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንንም አውቋል። ገበሬ የኔ ያለውን ነው ሌሊት ወጥቶ የሚጠብቀው።

ችግኝ ተከላን አልቃወምም። ግን ወፍ የዘራው እግራችን ሥር እየተበላ ከሩቅ ችግኝ ጭኖ ማምጣት ያሳዝነኛል።

የመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ አሁን «ጫፉ የተነከሰ» የሚል ዓምድ አለ። በመጨረሻው ቆጠራ ከተከለለው ክፍል በመጡት ቅጾች ላይ ያ ዓምድ በአብዛኛው ባዶ ነበር።