በደብሊን ግቡ፣ በኤድንብራ ውጡ

አየርላንድና ስኮትላንድ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በቪዛ ግን ለየቅል ናቸው። አየርላንድ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ስኮትላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ናት። ሁለቱም ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ ስለሌሉ የሼንገን ቪዛ ለአንዳቸውም አያገለግልም። አንዱ የሌላውን ቪዛ የሚቀበልበት አሠራር ቢኖርም የሚሠራው ለህንድና ለቻይና ዜጎች ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ሁለት፣ በድምሩ አራት ቪዛ ያወጣሉ። ከጎንደር ተነሥተው ይህን ጉዞ ለሚያስቡ ጥንዶች የምንመክረው መስመርም የሚወጣው ከዚሁ ነው፦ በደብሊን ገብቶ፣ በቤልፋስት ተሻግሮ፣ በኤድንብራ መውጣት። ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሰው የሚሳሳተው ሰሜን አየርላንድ ላይ ነው። ከደብሊን ቤልፋስት በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ድንበሩ ላይ ቋሚ ኬላ አታገኙም። ሆኖም ቤልፋስት የደረሰ መንገደኛ ከአየርላንድ ወጥቶ ዩናይትድ ኪንግደም ገብቷል። የአየርላንድ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ 60 ዩሮ፣ ደጋግሞ የሚያስገባው 100 ዩሮ ነው። በአንድ ጊዜ መግቢያ ገብቶ ቤልፋስትን አይቶ ወደ ደብሊን የተመለሰ ሰው፣ ማንም ባያስቆመውም፣ ያለ ቪዛ ገብቷል። ወደ ፊት ብቻ ከሄዳችሁ ግን የ60 ዩሮው ይበቃችኋል። ስትወጡ ፓስፖርታችሁ ላይ ማኅተም የሚመታ ስለሌለ የባቡሩንና የመርከቡን ትኬት አስቀምጡ፤ በጊዜ ለመውጣታችሁ ማስረጃው እሱ ነው። የአውሮፕላኑን ትኬትም መሄጃው ደብሊን፣ መመለሻው ኤድንብራ የሆነ አንድ ትኬት አድርጋችሁ ቁረጡ።

ለሁለቱም ቪዛ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ቀን በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ፓስፖርት ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይቀመጥም። የእንግሊዙ በተለመደው አካሄድ ሦስት ሳምንት ያህል፣ የአየርላንዱ እስከ ስምንት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሲደመር አሥራ አንድ ሳምንት ነው፤ ያላችሁ አሥራ ሦስት። ስለዚህ ጊዜው በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት የእንግሊዙን አስገቡ፣ ፓስፖርቱ እንደተመለሰ በማግስቱ የአየርላንዱን። ለእንግሊዙ አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ ስለሆነ የጎንደር–አዲስ አበባን ምልልስ ከወጪያችሁ ጋር አስቡት።

የጥንዶችን ማመልከቻ በተለይ የሚጎዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ፓስፖርታችሁን ጎን ለጎን ያየ የቪዛ ሠራተኛ ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በተክሊል ብትጋቡም የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከወሳኝ ኩነት የጋብቻ የምስክር ወረቀት አውጡ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ፈቃድ ደብዳቤው በእኛ ቀን፣ የባንክ ስቴትመንቱ በፈረንጅ ቀን ሲሆን በሁለቱ መካከል የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠርና ሰነዱ የተምታታ ይመስላል። ተርጓሚው በእያንዳንዱ ቀን ጎን ሌላውን አቆጣጠር እንዲጽፍ አድርጉ። ስቴትመንቱ የስድስት ወር ይሁን፤ ለማመልከቻው ተብሎ በአንድ ቀን የገባ ብዙ ብር ከሚረዳችሁ ይልቅ ጥያቄ ያስነሣባችኋል።

መቼ ትሂዱ? በበዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ከግንቦት ጋር ይገጥማል። ግንቦት በስኮትላንድ ምዕራብ ዝናቡ ከሚቀልባቸው ወሮች አንዱ ነው፤ ሚጅ የምትባለው ጥቃቅን ነካሽ ዝንብም ገና በብዛት አልወጣችም። በግንቦት መጨረሻ ኤድንብራ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ቀኑ ለእግር ጉዞ ይተርፋል።  ቅዝቃዜው በዲግሪ ሲታይ የጎንደርን ማለዳ ለለመደ ብዙ አይከብድም፤ የሚከብደው ነፋስ የቀላቀለው ዝናብ ነው። ጋቢ ከራሰ አይደርቅም፣ ጃንጥላም በመጀመሪያው ገደል ላይ ይገለበጣል፤ ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። የተራሮቹ ስም አያስፈራችሁ። የብሪታኒያ ረጅሙ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት።

መኪና መከራየት አንመክርም። ሁለቱም አገር የሚነዳው በግራ ነው፤ ድንበሩን ስታልፉ የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ይቀየራል፤ 60 የሚለው 96 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል ማለት ነው። ይህ መስመር በባቡር፣ በአውቶቡስና በመርከብ ይሞላል። የትኬት ሰዓቱን ግን በፈረንጅ አንብቡት፤ 07:00 የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ደብሊን ላይ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ትሪኒቲ ኮሌጅ ያለው የኬልስ መጽሐፍ በ800 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አካባቢ በጥጃ ብራና ላይ በላቲን የተጻፈ አራቱ ወንጌል ነው። ከ680 ገጾቹ ተገልጠው የሚታዩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ መግቢያውን ከነሰዓቱ በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ቁረጡ። ከዚያ ወደ ደብሊን ግንብ ግቢ ተሻገሩና ቸስተር ቢቲን እዩ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ይህ ቤተ መዘክር የእኛም የግእዝ ብራናዎች አሉት። ሁልጊዜ ሁሉም ለእይታ ስለማይወጣ ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ። የፍየል ብራና ሲዳመጥና ቀለም ሲበጠበጥ ያየ ጎንደሬ በዚህ ቀን ከማንም ፈረንጅ ይበልጥ ያያል።

ወደ ምዕራብ ገልዌይ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ የሞኸር ገደሎችን ከዚያ በአውቶቡስ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ከፍተኛው ቦታ 214 ሜትር ነው። ጭጋግ ከወረደ ምንም አይታይም፤ ለዚህ ነው ገልዌይ ሁለት ሌሊት የሚያስፈልገው። ቤልፋስት ሌላ ሁለት ሌሊት፣ አንዱ ቀን ለጃየንትስ ኮዝዌይ፦ 40,000 ያህል የባዛልት ዓምዶች፣ ላቫ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቀው ባብዛኛው ስድስት ማዕዘን የያዙ። ሰሜን ተራሮችም ባዛልት ናቸው፤ ወንድማማች ድንጋይ ነው።

ከቤልፋስት ወደ ስኮትላንዱ ወደብ ኬርንራያን መርከቡ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ግላስጎው አድራችሁ በባቡር ወደ ኦባን፣ ሦስት ሰዓት ያህል። ኦባን ላይ አትሳሱ፤ ሁለት ሌሊት ካልሆነ አዮና ያመልጣችኋል።

አዮና የዚህ ጉዞ ልብ ነው። ቅዱስ ኮሉምባ ከአየርላንድ ተሻግሮ በ563 ገዳም የመሠረተባት ትንሽ ደሴት ናት። የኬልስ መጽሐፍ የተጀመረው እዚህ እንደሆነና መነኮሳቱ ከቫይኪንጎች ሲሸሹ ወደ አየርላንድ እንደወሰዱት ይታመናል። በደሴቲቱ መቃብር የስኮትላንድ ነገሥታት እንዳረፉ ይነገራል፤ የዐፄ ፋሲል አፅም በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሚገኝበት አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም። መንገዱ ሦስት ቅብብሎሽ ነው፦ ከኦባን ወደ መል ደሴት መርከብ 50 ደቂቃ ያህል፣ መልን የሚያቋርጥ አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ከዚያ የ10 ደቂቃ ጀልባ። ብልሽት የሚመጣው በመመለሻው ነው። አውቶቡሱ ብዙ ምልልስ ስለሌለው አንዱ ካመለጠ የኦባኑ መርከብም ያመልጣል። ነፋስ ሲበረታ መርከቡ ራሱ ይሰረዛል፤ አዮናን በመጀመሪያው ቀን ሞክሩ፣ ሁለተኛው ቀን መጠባበቂያ ይሁን።

ምግብ ላይ አንድ ጥንቃቄ። የሁለቱ አገር ትልቁ ቁርስ ሶሴጁም ቤከኑም የዓሣማ ነው፤ ብላክ ፑዲንግ የሚሉት ጥቁሩ ደግሞ ከደም የሚሠራ ነው። ገንፎውን፣ እንቁላሉንና ዓሣውን ጠይቁ። ሃጊስ ግን የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ ከአጃ ጋር የበሰለ ነው፤ ዱለት የሚወድ ይወደዋል። በጾም ቀን ከሄዳችሁ «ቪጋን» በሉ፤ «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብና ቅቤ ይመጣል። ቂቤና ቋንጣ ከአገር ይዛችሁ አትሂዱ፣ ይወረሳል።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ሌሊቶች ለኤድንብራ ስጡ። ግንቡን ሁሉም ያየዋል። እናንተ ግን ግማሽ ቀን ወስዳችሁ ወደ ስተርሊንግ በሚሄደው ባቡር ላርበርት ውረዱ። በድሮው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ መቃብር አለ። በ1770 ጎንደር ገብቶ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ያረፈው፣ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የወሰደው ሰው ነው። ሐውልቱ ከብረት ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ያቆመው በ1785 ለሞተችው ሚስቱ ሲሆን በ1794 እሱም እዚያው ተቀበረ። ከጎንደር የመጡ ባልና ሚስት ሳያዩት ማለፍ የለባቸውም።

የመጨረሻውን ጠዋት በፕሪንሰስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ ላለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተዉት። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት በ2001 እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ሻንጣችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ የኤርፖርቱ ትራም ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቆማል፣ መንገዱም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።