ይወገድ የተባለው ዛፍ

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ጠቅላላ አገልግሎት «የደረቁና ለአደጋ የሚያጋልጡ ዛፎች» የሚል ዝርዝር ያወጣል። ኮሚቴ ያየዋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ከዚያ የሞተር መጋዝ ያላቸው ሰዎች ይጠራሉ። በአንዱ ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። ከዝርዝሩ አንዱ መስመር «ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለ የድሬዳዋ ዛፍ፣ በብርድ የደረቀ፣ ይወገድ» ይላል።

ዝርዝሩን ያዘጋጁት ኢንጂነር ግዴለሽ ሰው አይደሉም። ሒሳባቸውም ያስኬዳል። የድሬዳዋ ዛፍ መገኛው ማዳጋስካር፣ የሚስማማውም ሙቀት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርድ ገደለው ቢባል ማን ይከራከራል? ዛፉ ላይ አንድ ቅጠል የለም። የድሬዳዋ ዛፍ መሆኑን ግን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። በክረምት ደቃቅ ቅጠሉን ያየ ሁሉ እንዲያ ይለዋል፣ ወሬውም ሄዶ ሄዶ ወረቀት ላይ ሰፈረ።

ኮሚቴው ዛፎቹን ለማየት ሲወጣ ከዕፅዋት ቤተ ሙከራ የተወከለችው ልጅ ቀና ብላ አየችና «ኢንጂነር፣ ይሄኮ ጃካራንዳ ነው» አለች።

«ቅጠል የለው፣ አበባ የለው፤ በምን አወቅሽ?»

«ፍሬውን ይዩት እንጂ።»

እውነትም አምና ያፈራው ፍሬ አልረገፈም ነበር፦ ጠፍጣፋ፣ ክብ ቢጤ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ከመዳፍ የሚያንስ፤ አፉን ከፍቶ ስስ ክንፍ ያላቸውን ዘሮች የበተነ። የድሬዳዋ ዛፍ ቢሆን ኖሮ የሚንጠለጠለው ግማሽ ሜትር የሚደርስ ረጅም ቆባ ነው። ከዚያ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ቅጠሎቹ የተነቀሉበትን ጠባሳ አሳየችን፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይተያያል። በድሬዳዋ ዛፍ ላይ ግን አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ይፈራረቃል። በመጨረሻ ልጣጩን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ከልጣጩ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ነበር።

ጃካራንዳ በበጋው መጨረሻ ቅጠሉን ያራግፍና ብዙ ጊዜ አዲሱ ቅጠል ሳይሞላለት ያብባል። በየካቲት የሞተ መስሎ የቆመው ዛፍ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሐምራዊ ይለብሳል። የኛ ዝርዝር በየካቲት መውጣቱ፣ ለእሱ፣ ክፉ ዕድል ነው። (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተተከለ ጃካራንዳ ነበር፤ ጥናት ሳይጀምር ያበበበት ተማሪ ፈተና ይወድቃል ይባልለት ነበር። በ2016 ዛፉ ሲወድቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀደም ብሎ ከእሱው ያራባውን ችግኝ በቦታው ተከለ። እኛ ግቢ የዛፉን ስም እንኳ የሚመዘግብ አልነበረም።)

ኢንጂነሩ አልተከራከሩም። መስመሩን ሰረዙና ቅጹ ላይ ሦስት ዓምድ አስጨመሩ፦ ስሙን ማን አረጋገጠ፣ በየትኛው ወር ታየ፣ ልጣጩ ተፍቆ ምን ተገኘ። ለእኔ ከዚያ ስብሰባ የተገኘው ትልቁ ነገር ሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ያለ ወር የተጻፈ «ደርቋል» ከዚያ ወዲህ አይፈረምበትም። ዛፉን የማይወዱት አልጠፉም፤ አበባው ሲረግፍ ንጣፉን ስለሚያንሸራትት የጽዳት ሠራተኞቹ ያማርራሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

በዚያው ዙር ከመኝታ ሕንፃው ጀርባ ያለው ግራቪሊያም ተፋቀ። እሱ እስከ ውስጥ ድረስ ቡናማና ደረቅ ነበር፤ ተቆረጠ፣ ግንዱን የእንጨት ሥራ ክፍሉ ወሰደው።